የማይቆጠረው ሒሳብ

ዊትኒ፣

ድመቷ በልታለች። እንዳልበላች ሆና ብትጮህብሽ እንዳታምኛት።
ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂው።

ትናንት የጮህኩብሽ ሳህኑን ሳታጥቢ ስለተውሽው አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲው የትምህርት አማካሪ ጋ ሄጄ ነበር። "ወደ ቢዝነስ ፋኩልቲ ለመዛወር ቀላሉ ሒሳብ ይበቃል" ብለሽኝ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ኮርስ ለካ ጭራሽ አይቆጠርም። አንቺ ግን ያኔውኑ የተመዘገብሽው ከባዱን ነው።
"ማነው እንዲህ ብሎ የመከረሽ?" አለችኝ።
ስምሽን አልጠራሁም።

አንቺ ደግሞ ለዝውውርሽ ስለ ጠባይሽ የሚመሰክር ሰው ሲሉሽ የኔን ስም ሰጥተሻል። ዛሬ ፋኩልቲው ጠርቶኝ እየሄድኩ ነው።

ሰማያዊ ካፖርትሽን ሳልጠይቅሽ ለብሼ ወጥቻለሁ፤ ይቅርታ፣ በረዶው ከብዷል።

አይዞሽ። የጠየቁኝን ብቻ ነው የምመልሰው።

ማርሊ