በረዶ ያለበስኩት መሬት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ሚስትህና ልጆችህስ? እኛ፣ ማለት እናታችንና እኔ፣ እስካሁን ደኅና ነን። «እስካሁን» ያልኩበትን ምክንያት ወደ በኋላ ታገኘዋለህ።

በረዶው ቀልጦ አለቀ። እናታችን በሰማንያ አንድ ዓመቷ አካፋ ይዛ ወጥታለች። እንደ ልማዷ የላም ፍግ ከምራ፣ ላዩን አፈር አልብሳ፣ ሙቀቱ ኪያሩን እንዲያበቅልላት ትጠብቃለች።

በፖስታ ቤቱ ስልክ እንዳልነግርህ መንደሩ በሙሉ ይሰማል፤ ስለዚህ በጽሑፍ እናዘዛለሁ። አምና ዝናብ ጠፍቶ ችግኙ እንደደረቀ ታውቃለህ። ዘንድሮ ሲቀልጥ ውሃ ይሆነናል ብዬ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ የግቢውን በረዶ እየዛቅሁ ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ባለው የአትክልት መደብ ላይ ከመርኩት። አባታችን ከቤቱ ሥር በረዶ እየጠረገ ይጥል የነበረው ለጽዳት ይመስለኝ ነበር። እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ቤተ መጻሕፍት የጠበቅሁ ሴት!

ጎረቤታችን ሽማግሌው ፕሮኮፒ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «አንቺ ልጅ፣ ብርዱ ወደ ታች እንዳይዘልቅ ለመሬቱ ብርድ ልብስ ደርበሽለት ከረምሽ፤ ይኸው አላበው» አለኝ። ሚስትህስ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «የኔዋ እኮ መጽሐፍ አታነብም» አለ። ሳቅን። ቀድሞ ሳቁን ያቆመው እሱ ነው።

ከአፈሩ ሥር ዘላለም የሚኖረው፣ ቤታችንም የቆመበት በረዶ ብርድ አጥቶ ቀልጦ መደቡ ሰጠመ። ቅዳሜ ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ነበር። ዛሬ የአካፋውን እጀታ ይውጣል፤ ጠርዙም ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። ትናንት ከእጄ የወደቀ የዘር ድንች በቤቱ ወለል ላይ ብቻውን ተንከባልሎ ግድግዳው ሥር ቆመ። ሄጄ አላነሳሁትም።

ለእናታችን ፕሮኮፒ ቤት ጥቂት ቀን እንሰንብት ብላት፣ «የሱን ማንኮራፋት ከምሰማ መስመጥ ይሻለኛል» አለች። ጉድጓዱንም «ጥሩ ነው፣ ውሃ ያጠራቅምልናል» ትለዋለች። እኔም የጠዋት ፀሐይ አማረኝ ብዬ በዚያ ግድግዳ በኩል ያለውን አልጋዋን በኔ አልጋ እንድትለውጠኝ ጠየቅኋት። ሳትከራከር እሺ አለች። እናታችን ሳትከራከር እሺ ስትል አይተህ ታውቃለህ? ከዚያ ወዲህ ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። እግሬን ስለሚበርደኝ ነው ትላለች። እኔም አምኛት አድራለሁ።

ወንዙ በረዶውን እየነዳ ነው። በላዩ መኪና የሚሄድበት የበረዶ መንገድ ተዘግቷል፤ ጀልባውም ገና አልጀመረም። ይህ ደብዳቤ የሚሻገረው በመጀመሪያው ጀልባ ነው። እጅህ ከገባ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነውና ሁለተኛውን አትጠብቅ፤ በዚያው ተሳፍረህ ናና እናታችንን ወደ ቤትህ ውሰዳት። ልጆቼ አያታችንን ካላየን እያሉ አስቸገሩኝ በላት፤ የመሬቱን ነገር አታንሳባት።

ስትደርስ በአትክልቱ በኩል አትግባ። ከመንገድ ሆነህ እሷን ጥራ፤ በሩን ስትወጣ እጇን ያዝ። እሷ መንገዱን እስክትረግጥ ድረስ እኔን እንዳትጠራ፤ ያን ወለል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ባንራመድበት ይሻላል።

ወንዙ በሰላም ያሻግርህ፤ እግርህ የረገጠው ሁሉ ይጽናልህ።

እህትህ