ለገመድ አልባው አዳራሽ ባለገመድ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የትርኢት አዳራሽ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ፣ እንቅልፍዎ ሳይረበሽ፣ ከአፍዎ የሚወጣው ቃል ሁሉ መሃል መንገድ ላይ ሳይጠፋ አድማጭ ጆሮ እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቱ ለእርስዎ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ ሰሞን ዋጋውን በደንብ ተረድቻለሁ።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ያህል፣ የአዳራሹ የሙዚቃ ቡድን ሊድ ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ ወይም ነበርኩ። የታደሰው አዳራሽ በተመረቀበት ከሰዓት በኋላ የጊታሬ ድምፅ ሲጠፋ፣ «ልጅቷ ሕዝብ ስታይ ደንግጣ ነው፤ እስቲ አይዞሽ በሏት» ብለው ያስጨበጨቡት ለእኔ ነው። በማግስቱ ከሥራ ያገዱትም እኔኑ ነው፤ በሠራተኛው ስብሰባ ፊት ቆሜ «በዝግጅት ማነስ አዳራሹን አዋርጃለሁ» የሚል ይቅርታ ካላነበብኩ ወደ ሥራዬ እንዳልመለስ የወሰኑትም በእኔው ላይ ነው። ይቅርታውን ራስዎ ጽፈው ስለላኩልኝ ከማሰብ ድካም ገላግለውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስብሰባው የፊታችን ሰኞ ነው። የተሰደብኩት በሕዝብ ፊት ስለሆነ ምስጋናዬም በሕዝብ ፊት ቢሆን ይገባል ብዬ፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ገመዶቻችንን ስላስወገዱልን አመሰግናለሁ።

ያ ጥቁር ገመድ ከጊታሬ ይወጣል፣ ድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ሙያ አልነበረውም። ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ሲበጠስ ይበየዳል፣ እምቢ ሲል ደግሞ ሌላ ይሰካል። እርስዎ ግን መድረኩ በቴሌቪዥን ሲታይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓዳ እንዳይመስል ብለው ሁሉንም አስለቅመው፣ በዲጂታል ገመድ አልባ መሣሪያ ተኩልን። እኔ የአዲስ ነገር ጠላት አይደለሁም። የተመረቅኩት በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ በደንብ ተመርጦ በደንብ ሲተከል ለተጫዋች ክንፍ እንደሚሆን አውቃለሁ። የለመንኩዎት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንድ ገመድ፣ ለክፉ ቀን፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ይቀመጥልኝ። «አንቺ ደግሞ፣ የሠለጠነ ነገር ያስፈራሻል እንዴ?» አሉኝ። ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። አለቃ ሲቀልድ መሳቅ የሥራችን አንድ ክፍል ስለሆነ እኔም ሳቅኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

፪. ንብረታችንን ከሌባ ስለጠበቁልን።

ሕዝቡ እንዲያውቀው ያህል፣ ገመድ አልባ የሚባለው ነገር ሁለት ትንንሽ ሳጥን ነው። አንደኛው ጊታሬ ላይ ተሰክቶ ድምፁን በአየር ይልካል፤ ሁለተኛው መድረኩ አጠገብ ሆኖ ይቀበላል። ሁለቱ ቢተያዩ ይወዳሉ። እርስዎ ግን «ይህ ውድ ዕቃ ነው፣ የሌባ ዓይን ያርፍበታል» ብለው፣ በምረቃው ዕለት ጠዋት መቀበያውን ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት፤ ቁልፉንም ኪስዎ ከተቱት። የሬዲዮ ሞገድ የብረት በር አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ሌባም አልገባም፤ ይህን አልክድም።

፫. ስለ ነፃው ኢንተርኔት።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ልምምድ ያደረግነው ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ መቀበያው ገና መድረኩ አጠገብ በግልጽ ሳለ ነበር፤ መሣሪያውም እንደ ውኃ ፈሰሰ። «አየሽ?» አሉኝ። አየሁ። ነገር ግን ለባዶ ወንበር የሚዘፍን የለም። በምረቃው ዕለት አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ እርስዎ ንግግርዎን ሲጨርሱ ለሕዝቡ የምሥራች ነገሩት፦ አዳራሹ ነፃ ዋይፋይ አስገብቷል፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይግባ፣ ዝግጅቱንም ለወዳጅ ዘመዱ በቀጥታ ያሳይ። የይለፍ ቃሉ የእርስዎ ስም ነበር። ሕዝቡ ታዛዥ ነው፤ ስምዎን ጽፎ ገባ።

የአዳራሹ ዋይፋይና የእኛ መሣሪያ በአየር ላይ የሚሄዱት በአንድ ጠባብ መንገድ ነው። ይህን የሚናገረው የመሣሪያው መመሪያ የመጀመሪያው ገጽ እንጂ የእኔ ብልጠት አይደለም። ይህ ሁሉ ስልክ በአንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ሲወጣ፣ በተቆለፈ ብረት በር በኩል ሊያልፍ የሚታገለው የእኔ ድምፅ የት ይድረስ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የድሮው መሣሪያ ቢያንስ ከመሞቱ በፊት ያስላል፣ ያቃስታል፣ ያስጠነቅቃል። ዲጂታሉ ግን ይሉኝታ እንደያዘው ሰው ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ ቆይቶ በአንዴ ይወድቃል።

ዘፋኟ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ተራውን ሰጠችኝ። ለብቻዬ የምጫወተው፣ ለወራት የሠራሁት ሶሎ ነበር። ጣቶቼ ሲሮጡ ይታያሉ፣ ግን አይሰሙም። ከበሮ መቺው «ምነው?» በሚል ዓይን አየኝ። ድምፁ ብቅ አለ፣ ተበጣጠሰ፣ ብቅ አለ፣ ጠፋ። ገመድ ፍለጋ ወደ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ሮጥኩ፤ ንጹሕ ወለል ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ወደ መድረክ የወጡት።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ እናቴ ተቀምጣ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የለበስኩትንም የሰፋችው እሷ ናት። «ልጄን ታያላችሁ» ብላ ጎረቤቶቿን አስከትላ ነው የመጣችው። እርስዎ «ደንግጣ ነው» ሲሉ ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ቤት ስገባ እራቴን አቅርባልኝ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እውነት ደንግጠሽ ነው እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ። ጊታር ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ሲሏት አንድም ቀን ያልተጠራጠረችኝ ሴት ናት። መጠራጠርን ስላስተማሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. ስለ ራስዎ ማይክሮፎን።

እኔ የፈራሁ መሆኔን ያወጁበት ድምፅ እንዴት ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር! የኋላ ወንበር ድረስ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ገርሞኝ ወደ አትሮኖስዎ ጠጋ ብዬ አየሁ። ገመድ ነበረው። ወፈር ያለ፣ አዲስ፣ በምንጣፉ ሥር ተሸሽጎ የሚሄድ ገመድ። እኛን ገመድ ኋላ ቀርነት ነው ብለው ያራገፉን የተከበሩ ሰው፣ ለራስዎ ንግግር ግን አየሩን አላመኑትም። እኔን ያስቆጣኝ የመሣሪያው መቆራረጥ አይደለም፤ መሣሪያ ይቆራረጣል። የሚቆራረጥ መሆኑን እያወቁ ለራስዎ ገመድ ዘርግተው፣ ለእኔ ጭብጨባ ማዘዝዎ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው፤ የገዙትን ዕቃ እንዳይወቅሱ እኔን ደበደቡ።

የድምፅ ባለሙያችን «መሣሪያው እንከን የለበትም» በሚል ቃል ላይ እንዲፈርም አድርገውታል። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «እህቴ...» ብሎ ጀመረና ዓይኑን ጫማው ላይ ጥሎ አለፈ። አልተቀየምኩትም። የልጆች አባት ነው፤ እኔ ደግሞ ገና የማሳድገው ልጅም የምከፍለው ብድርም የለኝም። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ እኔ የምጽፈው።

ስለዚህ ሰኞ እመጣለሁ፤ ወረቀትዎንም ይዤ እመጣለሁ። አስቀድሞ ግን እንዲህ እናድርግ፦ መቀበያው እንደ ምረቃው ዕለት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይቆለፍ። ሠራተኛው በሙሉ ስልኩን አውጥቶ በስምዎ ይግባ፤ ጉዳዩን የሰማ የከተማው ሰውም ይምጣና ወንበሩን ይሙላ። እኔ ያንኑ ሶሎ እጫወታለሁ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ከሄደ፣ ይቅርታውን ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከተቆረጠ ግን እርስዎ ያነቡታል። አንድም ቃል መለወጥ አያስፈልግም፤ «በዝግጅት ማነስ አዳራሹን አዋርጃለሁ» የሚለው ለእርስዎ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ነው። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትኖራለች፤ ሲያነቡ እሷን እያዩ እንዲያነቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህን ካልፈቀዱ አላነብም። ሥራዬን ይውሰዱት፤ ያላጠፋሁትን ጥፋት ግን በገዛ አፌ አልወስድም።

ሥልጣንዎ እንዲሰነብት፣ ልቦናዎም እንዲከተለው እየተመኘሁ፣ ባልተንቀጠቀጡ እጆቼ የጻፍኩት፤

የታገደችው ጊታር ተጫዋች

ማሳሰቢያ፦ በእኔ ቦታ እንዲጫወት የጠሩት ጊታር ተጫዋች ትናንት ቤታችን መጥቶ ነበር። ሥራውን ከመቀበሉ በፊት የሆነውን ከአፌ ሊሰማ ፈልጎ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ተነሣና፣ ጽፌ እንዳደርስለት ፈቅዶ፣ የሚከተለውን መልእክት ሰጥቶኛል፦ «እንደማልመጣ ንገሪልኝ፣ እህቴ። ምክንያቱን ከጠየቁሽ፣ እሱም ድንጉጥ ነው በያቸው።»