አራት ጫፍ፣ ስምንት ጫፍ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሶሳ። ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበርነው አንቺ፣ እኔና ተማሪሽ ብኸይታ ነን።

ውድ የወርቅውሃ፣

አውሮፕላንሽ ከተነሳ አራት ሰዓት ሆነው። ሐሙስ አዲስ አበባ የምታቀርቢውን ፖስተር የጠቀለልኩልሽ እኔ ነኝ። ስጠቀልለው ስህተት እንዳለበት አውቅ ነበር።

ከውጭ በመጡልሽ ሁለት የማግኔቲክ ሬዞናንስ ሥዕሎች ላይ ርዕሶቹን በችኮላ ስትለጥፊ አቀያየርሻቸው። መስመሩ ስምንት ጫፍ የሚያወጣውን ሥዕል መዳብ አልሽው፤ ባለ አራቱን ደግሞ በካርቦን ቀፎ ውስጥ የታሰረ ላንታነም የሚባል ብረት። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

እኔ የቤተ ሙከራውን ብርጭቆ አጥቤ የምጠቀልለው እናንተ በምትጥሉት ወረቀት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳላነብ የጠቀለልኩበት ወረቀት የለም። ናሙናው ማግኔት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ብረት በሥዕሉ ላይ የራሱን ጫፍ ያወጣል፤ መዳብ አራት፣ ላንታነም ስምንት። ይህን ያገኘሁት ግማሹን አሲድ ከበላው ወረቀት ላይ ነው።

ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። "የወርቄ፣ እነዚህ ጫፎች..." ስል ሳቅ አልሽና፣ "ሸዋዬ፣ ብርጭቆው ያንቺ፣ ጫፉ የእኔ" አልሽ። ብኸይታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጠቀለልኩት።

ባምባሲ፣ ሰፈራ ጣቢያ ሳለን ለሁለታችን አንድ መጽሐፍ ነበረን። መጽሐፉ ወደ አንቺ ዞሮ ስለሚቀመጥ እኔ ፊት ለፊትሽ ሆኜ ገልብጬ ማንበብ ተማርኩ። ዛሬም ስህተቱን ያየሁት ከጠረጴዛው ማዶ ነው። እናቴ ስትታመም ከስምንተኛ ክፍል ቀረሁ፤ አንቺ ቀጠልሽ። አልወቀስኩሽም። ግን ቀናሁብሽ። በርሽ ላይ ያለውን ስምሽን በየቀኑ ስወለውል፣ ፊደሉ ቢለቅ እያልኩ ጠንከር አድርጌ የምጫንባቸው ቀናት ነበሩ።

ሐሙስ የዶክትሬት ቦታሽን በሚወስኑት ሰዎች ፊት ስትቆሚ ታየኝ። አንዱ ተነስቶ "ጫፎቹን ቆጥረሻቸዋል?" ሲልሽ ታየኝ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ደስታው እስከ ቤቴ በር ነው የሸኘኝ። ገብቼ እርጥብ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። አንቺ ከወደቅሽ በኋላ፣ አውቄ እንደነበር ለማን እነግራለሁ? በሕይወቴ ልነግረው የምፈልገው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ረቡዕ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩልሽ።

"ሸዋዬ፣ ምነው በማለዳ?"

"ርዕሶቹ ተቀያይረዋል። የመዳቡ አራት ነው፤ ቁጠሪ።"

ፖስተሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቀስ ብለሽ ስትቆጥሪም ሰማሁ። መዳብ ያልሽውን ቆጥረሽ ስምንት ላይ ደረስሽ።

"አንቺ ይህን እንዴት አወቅሽ?"

ዘጋሁት። መልሱ ይህ ደብዳቤ ነው። አሲድ የበላውን ወረቀት አብሬ አጥፌዋለሁ። ጎረቤቴ ነዕማ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ሁለት ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ነጭ ጋውንሽን ከመስቀያው አውርጄ ለበስኩት። እጅጌውን ሰብስቤ አሥራ ሁለት ብርጭቆ አጠብኩ፤ ሁሉንም በወረቀት ጠቀለልኩ። ነዕማ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፤ ይህን የምጽፍልሽም ጋውኑን እንደለበስኩ ነው። ስትመጪ አንቺ አውልቂው ካላልሽኝ፣ እኔ አላወልቀውም።

ከመጽሐፉ ማዶ የነበረችው፣
ሸዋሉል