የእህትህ እጆች

ይድረስ ለበኩር ልጄ። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ጤናህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

እህትህ እንዴት እንዳኮራችን ልንገርህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ትከሻው ከተያዘ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሸሚዙን እንኳ የምታለብሰው ሚስቱ ነበረች። እህትህ ታዲያ "ጡንቻውን የሸፈነው ስስ ሽፋን ተጣብቋል" ብላ፣ በጣቶቿ ይዛ ቀስ እያለች ስትስብለት ሰነበተች። ባለፈው ሳምንት ክንዱን ሽቅብ ዘርግቶ፣ "ኧረ ጣራውን ልነካው ነው!" ብሎ ጮኸ። ለመታሸት ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አጨበጨቡ። እኔማ "የኔ ልጅ እኮ ናት!" እያልኩ ለማያውቀኝ ሁሉ አወራሁ።

እሑድ ዕለት የኔንም ጀርባ አየችልኝ። ስትቀልድ ቆይታ፣ ከጎድኔ በታች አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቀልዷን ተወች። እጇ ደጋግሞ እዚያው ተመለሰ።

"ምን አገኘሽ?" አልኳት።

"ምንም እማዬ። ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።"

የማትችለውን አልችልም ማለቷም አኮራኝ። እጇን ታጥባ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ "ሳሙና ገብቶብኝ ነው" አለች። እኔም እሺ አልኳት። ማክሰኞ ለምርመራ ትወስደኛለች።

"የዓመት ፈቃዴን ለከርሞ አቆየዋለሁ" ብለህ ነበር። ዘንድሮ ብትወስደው ምን ይመስልሃል? እህትህን ስትሠራ እንድታያት ብዬ ነው።

በሁለታችሁም የምትኮራ፣ የምትናፍቅህ እናትህ