ካንተ ጋር የሄዱት ሴሎቼ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለህም ያለኝ ሰው እስካሁን የለም።

እማዬ ልብሶችህን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ ቁም ሳጥንህ ውስጥ አስቀመጠች። ለሚያጽናኗት ሁሉ፣ «ታናሹ ከመቅኔው ሰጥቶት ነበር፤ እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ» ትላለች። እኔ ያኔ ውሃ ላምጣ ብዬ እወጣለሁ።

«ያንተ ሴል ከገባብኝ ወዲህ ሒሳብ ጠላሁ» ብለህ የሳቅክብኝ ትዝ ይልሃል? ለክፍል ልጆች አውርቼላቸው ነበር። አሁን አያነሱብኝም።

የላብራቶሪው ባለሙያ ባለፈው ሳምንት ደወለች። ከመቅኔዬ ወስደው ላንተ ካባዟቸው ሴሎች አንድ ብልቃጥ ቀዝቅዞ ተቀምጦ ነበር፤ ሲመረምሩት ክሮሞዞሙ ተዛብቶ አገኙት። መጥቼ ደም እንድሰጥ ጠየቀችኝ።

«ሴል እየተባዛ በሄደ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። ለወንድምህ የሰጠነው ግን ያኔ ሲመረመር ንጹሕ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ የኔ ደም ምን ያደርግላችኋል?»

«ስህተቱ እኛ ጋ የተፈጠረ ነው ወይስ ከመጀመሪያው የነበረ የሚለውን ለመለየት ነው።»

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እንቅልፍ ገና መልመዷ ነው።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ ብዬ ላበቃ ነበር፤ የዛሬውን ጠዋት ሳልነግርህ ግን አልችልም። እማዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካንተ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ ትምህርት ቤቱን አልፌ ላብራቶሪው ገባሁ። ባለሙያዋ እጅጌዬን እየሰበሰበች፣ «ከማን ጋር መጣህ?» አለችኝ።

ሳላስበው፣ «ከወንድሜ ጋር» አልኳት።

ሌላ ባዶ ወንበር አጠገቤ አስጠጋች።