ያለፈቃዴ የበራው ክፍል

እህቴ ሄልጋ፣

የመጨረሻ ፊልሜን ዌንደል አበላሸው። እጄን ጨብጦ ቃል የገባልኝ ዳይሬክተር ቃሉን አጠፈ። ይህን ከሰላምታ አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ከሌላ አፍ ሳይደርስሽ ከእኔው እንድትሰሚው ነው።

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ? ባለቤትሽ ሌናርትስ ሳሉ ተሻለው? የኔብራስካ ንፋስ ጣሪያውን አላነሳባችሁም? እኔ ደህና ነኝ።

እናታችን ያረፈችበት ክፍል ትዝ ይልሻል፤ አንድ የላምባ ፋኖስ፣ ግማሹ ብቻ የሚታይ ፊት። የመብራት ገመድ ተሸካሚ ሆኜ ሆሊውድ ስገባ ካሜራ ያስተማረኝ የለም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ከዚያ ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «የተዋናዮቹ ዓይን አይታይም፣ መብራት ጨምር» ሲሉኝ እምቢ አልኩ። በአፌም ብቻ አይደለም። ስቀርጽ ፊልሙን ብርሃን እነፍገዋለሁ፤ በኋላ ፊልም የሚታጠብበት ላብራቶሪ ገብቶ ላብራው የሚል ቢኖር ከጭጋግ በቀር አያገኝም። የመብራት ሠራተኛዬ ሩፈስ «አንተ ሽማግሌ፣ እንዲህ ካጨለምከው እኔን ምን አድርግ ብለህ ቀጠርከኝ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በዚህኛው ፊልም አንዲት እናት ትሞታለች። ለእናታችን ብዬ ሠራሁት። ዌንደል መጥቶ «አርቪድ፣ በሞቴ፣ ለዚህች ክፍል ትንሽ ብርሃን ስጣት። ባለገንዘቦቹ ለመጠባበቂያ ብለው ነው እንጂ ላብራቶሪ ገብተን ለሲኒማ ቤት የሚሄደውን ቅጂ ስናትም አንተ ባልከው ጨለማ ነው» አለኝ። እጁን ዘረጋ፤ ጨበጥኩት፤ ሰጠሁት።

ባለፈው ሐሙስ ፊልሙ በሕዝብ ፊት ታየ። ክፍሉ እንደ ቀትር በርቷል፤ ዌንደል አብርቶ አሳትሞታል። ሟቿ ዓይኗን ከድናለች፤ በጥላ የሸፈንኩት አንገቷ ግን ወለል ብሎ ይታያል፣ ደም ሥሯም ይመታል። ከኋላዬ አንዱ «ኧረ ሴትዮዋ አልሞተችም! ቀባሪ መልሱ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሄልጋ፣ በእናታችን ሞት ሳቁ።

ዌንደል ደጅ ላይ «ምን ላድርግ፣ ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ሊያይ ነው» አለኝ። ባለገንዘቦቹን ስሜን ከፊልሙ ላይ ፋቁልኝ ብላቸው፣ ፊልሙ ለየከተማው ተልኳል አሉኝ። ስሜ እዚያው ቀረ። ካሜራዬን ሸጫለሁ፤ ከእንግዲህ አልቀርጽም።

ፊልሙ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ሲኒማ ቤት እንዳትገቢ። ካሪን «የአጎቴ ስም አለበት» ብላ ብትጎትትሽም እንዳትሰሚያት፤ ጉንጯን ግን ሳሚልኝ። ሌናርትን በርታ በይልኝ። የእናታችን መቃብር ላይ አበባ አኑሪልኝ።

ስለዚህ ነገር መልስ አትጻፊ። ለገና ስመጣም ማዕድ ላይ እንዳታነሺው። ዳግመኛ ከአፌ አይወጣም።

ወንድምሽ አርቪድ
ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1974