ቀድሞ የተበላ ፔዳ

ፑኔ፤ ማክሰኞ፣ ማርች 11

ውድ ልጄ ታንማይ፤

ከሁሉ በፊት ይህን ተረዳ፤ እሁድ ዕለት በስልክ የሰጠሁህ መልስ ስህተት ነው። ያልተሟላ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስህተት ነው። ሒሳብ ሳስተምር ለልጆቹ እንዲህ እላቸው ነበር፤ የተሳሳተ መልስ በላጲስ አይጠፋም፣ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ አንባቢው ቀድሞ ምን ተጽፎ እንደነበር ማየት አለበት። እኔም እንደዚያው ላድርግ።

የጠየቅኸኝ ይህ ነበር። ኩባንያህ ከሰባቱ የቡድንህ ሰዎች የአንዱን ስም በሥራ ምዘናው መጨረሻ ረድፍ ላይ አስገብተህ እስከ ዓርብ እንድትልክ አዞሃል። እዚያ ረድፍ የገባ ሰው ሥራው ያበቃል። ስም ካልላክህ የአንተኑ እንዳይጽፉት ትፈራለህ። "ባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ለሰው ማርክ ሲሰጡ ኖረዋል፤ እንዴት ነው የሚመረጠው?" አልከኝ። ቀጥለህም፣ "ዲልሩክሺን ልጽፍ ነው መሰለኝ። ጸጥተኛ ናት፤ ነገር አታካብድም። እሷ ትረዳኛለች" አልክ። ቴሌቪዥኑ ላይ ክሪኬት ነበር፣ እናትህም ምሳ አቅርባ ትጠብቀኝ ነበር። "በሥራ ውጤታቸው ደርድራቸውና መጨረሻ ላይ ያለውን ጻፍ" ብዬህ ስልኩን ለእናትህ አቀበልኳት።

ከዚያ ወዲህ ተረጋግቼ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ እነሳለሁ፤ ሰገነቱ ላይ ወጥቼ የስኩተሮቹን ጩኸት እሰማለሁ፤ ተመልሼ ብዕሩን አነሳለሁ፤ ደግሞ እነሳለሁ። እናትህ ከኩሽና ሆና ታየኛለች።

"አሁን ደግሞ የማንን ደብተር ሊያርሙ ነው?" አለችኝ።

"የራሴን።"

"ኧረ ይቅናዎት። እንግዲህ ዛሬ እራትም የለ።"

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሂንጄዋዲ ካለው ኩባንያ ገብቼ፣ አዲስ ተመራቂዎችን ለደንበኛ ግልጽ ደብዳቤ መጻፍ ሳስተምር ሁለት ዓመት መቆየቴን ታውቃለህ። በጉልበቴ ሕመም ምክንያት እንደተውኩትም ነግሬሃለሁ። እዚያ ስለተማርኩት ግን ብዙ አላወራሁህም። አንተ የኩባንያ ሰው ነህ፤ እኔ ምን እጨምርልሃለሁ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የተማርኩት፣ እዚያ ማንም "አይሆንም" እንደማይል ነው። "እስቲ እናየዋለን" ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። "ጥያቄ አለ?" የሚባለውም ሰው ሁሉ ወንበሩን ገፍቶ ከተነሳ በኋላ ነው። ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም በስሙ ይጠራ የሚል ደንብ ነበራቸው። ደንብ ነውና ልጆቹን "ዳታትራይ በሉኝ" አልኳቸው። አንዱ ብድግ ብሎ፣ "ሰር፣ ለደንቡ ብዬ አባቴ ቤት መግባት ልከልከል?" አለኝ። በቤተሰብ ስሜ ሌሌ ሰር እንደተባልኩ ቀረሁ። መግቢያው ግድግዳ ላይ "እኛ አንድ ቤተሰብ ነን" የሚል በትልቁ ተጽፏል። በየቀኑ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። ቤተሰብ ግን ማርች በመጣ ቁጥር ልጆቹን ደርድሮ የመጨረሻውን ከደጅ አያወጣም። ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ ያስተማረኝም የአንድ ሰው ነገር ነው።

ጆሺ የሚባል ሰው ነበር። እንደኔ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ በዚያው የሥልጠና ክፍል ይሠራ ነበር። አለቃችን ኬታኪ ትባላለች። ኬታኪ ድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ፣ ስትሳሳት ከንፈሯን የምትነክስ፣ ጎበዝ ልጅ። አንድ ሐሙስ ለጆሺ መልእክት ላከችለት፤ "ሰር፣ ነገ ከምሳ በኋላ ጎዳቫሪ ክፍል እንገናኝ። ስለ ወደፊት ሥራዎ ነው።" እዚያ የስብሰባ ክፍሎቹ ሁሉ በወንዝ ስም ነው የሚጠሩት። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ዋናው ኃላፊ ሥልጠናውን በሰው ፊት አመስግኖ፣ "ይህ ሌሎች ከተሞችም መድረስ አለበት" ብሎ ነበር። ጆሺ ሁለቱን ደመራቸውና መልስ አገኘ። ሌሎቹን ከተሞች በልቡ መዞር ጀመረ።

ታውቃለህ፤ በእኛ ዘንድ ደስታ ብቻውን አይበላም። ፈተና ያለፈ ልጅ የወተት ጣፋጩን ፔዳ ይዞ ጎረቤት ያንኳኳል፤ ስኩተር የገዛም እንዲሁ። እኔ ራሴ ከተማሪዎቼ እጅ የበላሁት ፔዳ ነው ጥርሴን የጨረሰው። በቢሮም ልማዱ ያው ነው፤ ደስ ያለው ሰው ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ያስቀምጣል፣ ሁሉም እየመጣ ያነሳል። ግን ወሬው ከተሰማ በኋላ ነው። ጆሺ ይህን አልጠበቀም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደየመንደራቸው አውቶቡስ ስለሚሮጡ፣ ሳይበሉ እንዳይሄዱ ብሎ በጠዋት ካርቶኑን ይዞ ገባ።

"ሰር፣ ምን ተገኘ?" አሉት ከበውት።

"ከምሳ በኋላ ትሰማላችሁ።"

"በዚህ ዕድሜ ወንድ ልጅ ተወለደልኝ እንዳይሉን ብቻ።"

"ዝም ብለህ ብላ አንተ። አፍህ ሲሞላ ነው የምታምረው።"

ኬታኪ ኮምፒውተሯን አቅፋ ስታልፍ ጠራት። "ነይ እንጂ! አንቺማ ከሁሉም መቅደም ነበረብሽ።"

ካርቶኑን አየችው። "የምን ነው፣ ሰር?"

"አንቺ ጠፍቶሽ ነው?" ብሎ ሳቀላትና አንድ አንስቶ ሰጣት።

ከሰው እጅ የተዘረጋ ፔዳ እምቢ አይባልም፤ ክፉ መመኘት ይሆናል። ቆማ በላችው። "ጥሩ ነው" ብላ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ጆሺ ጎዳቫሪ ክፍል ገባ፤ ግድግዳው መስታወት ነው። ኬታኪ አጠገብ ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ አንድ ወጣት ተቀምጧል። እሷ ወረቀት ይዛ አነበበች፤ ቀና አላለችም። የሥራ ምዘናው፣ ኩርባው፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ሰው መግባቱ ግድ መሆኑ። ያን የውጤት ድልድል ኩርባ አንተም ታውቀዋለህ፤ ግራና ቀኙ ዝቅ፣ መሐሉ ከፍ ያለ ኮረብታ። ጆሺ፣ "ከስንት ሰው መሐል ነው?" አላት። "ከዘጠኝ፣ ሰር።" ኮረብታው የብዙ ሺህ ሰው ነው። የአንድ ከተማን ልጆች ቁመት ብትለካ ይመጣል፤ ከዘጠኝ ሰው ግን ኮረብታ አይሠራም። ኬታኪ ይህን አጥታው አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ተምራዋለች።

ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠችና እንዲህ አለች፤ "ሰር፣ እርስዎ ይረዱኛል ብዬ ነው። ሌሎቹ ይጮሁብኝ ነበር።"

ጆሺም ተረዳት። አልጮኸም። እንዲያውም እሱ ራሱ "አይዞሽ" አላት። ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ልጆቹ አሁንም ይጠብቁት ነበር። "በሉ ሰር፣ ይንገሩን እንጂ! በነጻ አልበላንም።" "ሰኞ" አላቸው። ሰኞ ግን እሱ እዚያ አልነበረም።

ታንማይ፣ ኬታኪ ክፉ ሰው አይደለችም። እረፍት የነሳኝ ይህ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ስለ አንተ ባልሰጋሁ፤ አንተ ክፉ አይደለህማ። እሷ ግን እንዳንተው ጥሩ ልጅ ናት፤ ቀን ቆርጠው አስጨነቋትና ከሁሉ ቀላሉን በር ገፋች። ቀላሉ በር የሚረዳት ሰው ነበር። እሁድ "ትረዳኛለች" ስትለኝ ይህ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

መልሴ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "በውጤት ደርድራቸው" አልኩህ፤ አንተ ግን ስለ ዲልሩክሺ ሥራ አንድ ቃል አልነገርከኝም። የነገርከኝ ጸጥተኛነቷን ብቻ ነው። ስሙን መርጠህ ጨርሰህ ማርክ ልትፈልግለት ነበር። ሥራዋን ካጣች የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ እንደሚያበቃና ወደ ስሪላንካ መመለስ እንዳለባት የነገርከኝም አንተው ነህ።

ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው ትለኝ ይሆናል። ሙሉውን አላውቀውም። የማውቀውን ያህል ልጻፍልህ። የሰባቱንም ሥራ ስማቸውን ሸፍነህ እንደገና ተመልከት። በእውነት የምታንሰው እሷ ከሆነች፣ ወረቀት ሳትይዝ፣ ዓይኗን እያየህ፣ ከዓርብ በፊት ራስህ ንገራት፤ ካርቶን ይዛ እንዳትመጣ። የምታንሰው እሷ ካልሆነች ስሟን አትጻፍ። ለአለቃህም ሰባት ሰው ኮረብታ አይሠራም በለው። "እስቲ እናየዋለን" ሊልህ ይችላል። የአንተንም ስም ሊጽፉት ይችላሉ፤ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም፣ ትንሿ ልጅህ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ያ ከመጣ ግን ክፍልህ እንዳለ ነው፤ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው። ማንጎውም ሊደርስ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፈው ዲዋሊ ስልክህን በቢሮህ አዙረህ ሰዎችህን ስታሳየኝ ሁሉም እጁን እያወዛወዘ "መልካም በዓል" አለኝ። ዲልሩክሺ ብቻ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ "አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?" አለችኝ። "ተሽሎኛል ልጄ" አልኳት።

ጉልበቴ ደህና ነው። ያኔም ደህና ነበር። ኩባንያውን የተውኩ ጊዜም ደህና ነበር። እናትህ በየማታው የሰሊጥ ዘይት ታሸኛለች፤ የሚያመኝ ቀኙ ነው ብያት ሳለ አንዳንዴ ግራውን ታሸዋለች፤ እኔም አላርማትም። ከላይ ጆሺ ብዬ ጽፌያለሁ። ጆሺ የሚባል ሰው አልነበረም። ስሙን በአንድ መስመር ሰርዘህ ሌሌ ብለህ አንብበው።

ገጾቹን እናትህ በስልኳ ፎቶ አንስታ ነው የምትልክልህ፤ እንግዲህ እሷም ታነበዋለች። ይሁን።

አምላካችን ጋናፓቲ ከፊትህ ያለውን እንቅፋት ያንሳልህ። የያዝከው እጅ አይድከም፤ ቤትህ ሳቅ አይጣ።

ባባህ
ዳታትራይ ሌሌ

ታንሙ፣ እናትህ ነኝ። በጠርዙ ላይ ነው የምጽፍልህ፣ ቦታ አልተዉልኝም። ጉልበታቸው ደህና መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ያን ዓርብ ግማሽ ካርቶን ፔዳ ይዘው ገቡ። ደስ ያለው ሰው ፔዳ አያስተርፍም። መታሸት ፈለጉ፣ አሸኋቸው፤ ቀኙ ይሁን ግራው ምን አገባኝ። አሁን በዚያው ደህና ጉልበታቸው ሰገነቱን እየተመላለሱበት ነው። ዓርብን አትጠብቅ፤ ያደረግኸውን ጻፍላቸው፣ ዛሬውኑ መልስላቸው።